ጥቅስ ሳንጠቅስ ፈጣሪ መኖሩን በሎጂክ ማስረዳት ይቻላል ወይ? ጎንደሮች እስኪ ግቡበት

የቀሃ_ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ክሩን የከፈትኩት ለጭቅጭቅ አይደለም የምር ስለሚከነክነኝ ነው። ዶርም አብሮኝ ያለ ልጅ አለ፣ ጨዋ ነው፣ አያሾፍም፣ ፆም ላይ መሆኔን ካወቀ ሥጋ ፊቴ አይበላም፣ ግን አያምንም በቃ። ሰሞኑን «ጥቅስ ሳትጠቅስልኝ፣ ተአምር አየሁ ሳትለኝ፣ በሎጂክ ብቻ ፈጣሪ አለ ብለህ አስረዳኝ» አለኝና እኔ ደግሞ ከሰንበት ትምህርት ቤት የያዝኩት ሁሉ ጥቅስ ሆኖ ተገኘ። «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» ልለው አሰብኩና ተውኩት፣ ለማያምን ሰው ያ መልስ ሳይሆን ስድብ ነው።

በራሴ ያገኘሁት ይቺን ነው። ፋሲል ግቢ የገባ ሰው ግንቡን አይቶ «ይሄ እንዲሁ በዝናብና በንፋስ የቆመ ነው» አይልም። አፄ ፋሲል በ1636 (እ.ኤ.አ.) ከተማዋን ሲቆረቁሩ ማናችንም አላየንም ግን ድንጋዩ ተጠርቦ፣ ኖራው ተለስኖ፣ ደረጃው ለእግር ተመጥኖ ስታየው ያሰበ ጭንቅላት እንደነበረ ታውቃለህ። ግንብ እንዲህ ከሆነ ዓይን፣ ሳንባ፣ ፀሐይና ጨረቃ እንዴት አሳቢ አይኖራቸውም? ይሄ ያስኬዳል ወይስ ቀዳዳ አለው? የምታውቁ አስተምሩኝ፣ ስድብ ግን ይቅር።

ቡና_ጠጡ፦

ሰው ለፈተና ያጠናል ይሄ ፈጣሪን ያጠናል ሃሃሃ። ፈጣሪ አለ፣ አለቀ፣ ክሩን ዝጉት።

ኳንተም_ጎንደሬ፦

የቀሃ ልጅ ጥያቄህ ደስ ይላል። እኔ የማላምን ነኝ፣ እዚህ ቤት የቆያችሁ ታውቁኛላችሁ፣ መሳደብ የፈለገ አሁኑኑ ይጨርስና ወደ ቁምነገሩ እንግባ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው ለማስላት አትድከሙ።)

የግንቡ አርጊውመንት ከሁሉም በላይ ሰው አፍ ላይ ያለው ነው፣ ግን ከሁሉም በላይ የተመታውም እሱ ነው። ዴቪድ ሂዩም የሚባል የስኮትላንድ ፈላስፋ ከሞተ በኋላ በ1779 በታተመ መጽሐፉ ላይ በደንብ አብጠርጥሮታል። የሚለው ምንድነው፣ ግንብ ሠሪ አለው የምንለው ግንበኛ ሲገነባ ብዙ ጊዜ ስላየን ነው፣ ልምድ ነው። ዩኒቨርስ ሲሠራ ያየ አለ? የለም። ሌላ ዩኒቨርስ አይተን ከዚኛው ጋር አወዳድረናል? አላወዳደርንም። ደግሞ ንጽጽሩን እስከመጨረሻው ከወሰድከው ጣጣ ያመጣብሃል፣ ፋሲል ግንብን አንድ ሰው አልሠራውም፣ ጠራቢ አለ፣ ኖራ አቡኪ አለ፣ አናጢ አለ፣ ሁሉም ደግሞ ሞተዋል። እንግዲህ ዓለምም እንደ ግንቡ ከሆነ ሠሪዎቹ ብዙ ናቸው፣ ምናልባትም ሞተዋል ልትል ነው? ይሄን አንተም አትፈልገውም።

የዓይኑን ነገር ደግሞ ዊሊያም ፔሊ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ በ1802 በሰዓት ምሳሌ ጽፎታል፣ ሜዳ ላይ ሰዓት ብታገኝ ሰዓት ሠሪ አለ ትላለህ ነው ነገሩ። ዳርዊን በ1859 መጣና ዓይን ያለ አሳቢ፣ ቀስ በቀስ፣ በተፈጥሮ ምርጫ እንዴት ሊመጣ እንደሚችል አሳየ። ስለዚህ በዓይንና በሳንባ በኩል ከመጣህ ባዮሎጂ የተማረ ሰው ያቆምሃል። የዶርም ጓደኛህ ማንበብ የሚወድ ከሆነ በዚህ በኩል አትሂድ።

ዲያቆን_ዘበአታ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ወንድሜ ኳንተም በጨዋነት ስለጻፍክ አመሰግናለሁ፣ እዚህ ቤት ሁሌም እንዲህ ቢሆን።

አንድ ነገር ግን አለፍከው። ዳርዊን የመለሰው ሕይወት ከጀመረ በኋላ ያለውን ነው። የተፈጥሮ ምርጫ እንዲሠራ የሚራባ ነገር ያስፈልጋል፣ የሚራባ ነገር እንዲኖር ኬሚስትሪ ያስፈልጋል፣ ኬሚስትሪ እንዲኖር ደግሞ ሕጎቹ እንዲህ መሆን አለባቸው። ሕጎቹ እርስ በርስ ተወዳድረው አልመጡም። የናንተው ሰው የከዋክብት ተመራማሪው ፍሬድ ሆይል፣ ሃይማኖተኛ ያልሆነው፣ «ቢግ ባንግ» የሚለውን ስም በ1949 በሬዲዮ ያወጣለት ራሱ፣ በ1953 ካርቦን ኮከብ ውስጥ ሊሠራ የሚችለው አንድ የተወሰነ የኃይል ደረጃ ካለው ብቻ ነው፣ ካርቦን ደግሞ በዓለም ላይ በብዛት አለ፣ ስለዚህ ያ ደረጃ መኖር አለበት ብሎ ተነበየ። ላቦራቶሪ ፈተሹት፣ ተገኘ። ኋላ ላይ እኮ ራሱ ሆይል ፊዚክሱን የነካካው አንድ ትልቅ አእምሮ ያለ ይመስላል ብሎ ጽፏል። ይህን ያለው ዲያቆን አይደለም። እንግዲህ ግንቡን ተወውና ግንቡ የቆመበትን መሠረት እንይ ነው የምለው።

ኳንተም_ጎንደሬ፦

ዲያቆን ይሄ ጥሩ ነው፣ ፋይን ቱኒንግ የሚሉት ነው፣ ከግንቡ ይሻላል። ግን ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ሕጎቹ ሌላ ሊሆኑ ይችሉ ነበር ወይ የሚለውን ማን ያውቃል? ቁጥሮቹ ከስር ካለ አንድ ቲዎሪ የግድ የሚወጡ ከሆኑ «ተስተካክለው» ነው የሚለው ነገር ራሱ ይወድቃል። ሁለተኛ፣ ብዙ ዩኒቨርስ ካለ፣ ካለ ነው ያልኩት፣ እኛ የምንገኘው ሊያኖረን በሚችለው ውስጥ ነው፣ በማያኖረው ውስጥ ሆኖ የሚጠይቅ የለማ።

ዲያቆን_ዘበአታ፦

ያላየኸውን አንድ ፈጣሪ አልቀበልም ብለህ ያላየኸውን ስፍር ቁጥር የሌለው ዩኒቨርስ ተቀበልክ ማለት ነው?

ኳንተም_ጎንደሬ፦

ሃሃ አልተቀበልኩም፣ «ካለ» አልኩ እኮ። ግን እሺ ይቺ ገብታለች።

የጃንተከል_ጥላ፦

ወንድሞች ለምን ትደክማላችሁ፣ ቢግ ባንግ እኮ አረጋግጦታል። ዓለም መጀመሪያ አላት ብሎ ሳይንስ ራሱ አምኗል፣ 13.8 ቢሊዮን ዓመት። መጀመሪያ ያለው ነገር ጀማሪ አለው። አበቃ። ቄስ ነው እኮ ያገኘው!

ኳንተም_ጎንደሬ፦

ቄስ መሆኑ እውነት ነው፣ ዦርዥ ለሜትር፣ የቤልጂግ ካቶሊክ ቄስ፣ በ1927 ነው ዩኒቨርስ እየሰፋ ነው የሚለውን የጻፈው። ግን ታሪኩን እስከመጨረሻው ንገር። በ1951 ፖፕ ፒዮስ 12ኛ ተነስተው አንተ አሁን እንዳልከው ሳይንስ ፍጥረትን መሰከረ የሚል ንግግር ሲያደርጉ ለሜትር ራሱ ደስ አላለውም። ቲዎሪው ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ ነው፣ ማመንም አለማመንም ይቻላል ባይ ነበር። ምክንያቱም ነገ ሌላ ልጅ መጥቶ ከቢግ ባንግ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ነበር ቢል እምነትህን ልትጥል ነው? ቢግ ባንግ የሚነግርህ ዩኒቨርስ ድሮ በጣም ጥቅጥቅና ሞቃት እንደነበረ ነው። ፍፁም ምንም ካልነበረበት ተነሳ አይልም።

ጋሽ_አዘዞ፦

ልጆቼ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ ስልክ ላይ መጻፍ ያቅተኛል፣ ፊደል ብገድፍ አትሳቁብኝ።

ሂዩም አላችሁ፣ ፔሊ አላችሁ፣ የብሪታንያ ሰዎችን ጠራችሁ፣ ደግ። ከዚህ ከጎንደር በባሕር ዳር መንገድ ወርዳችሁ የምታገኟት እንፍራንዝ ላይ የኖረ ሰው ግን አልጠራችሁም። ዘርዓ ያዕቆብን ነው የምለው፣ ንጉሡን አይደለም ፈላስፋውን። ሐተታ የተባለው መጽሐፉ እንደሚለው በ1599 አክሱም አካባቢ ተወልዶ፣ በሱስንዮስ ዘመን ካቶሊኩና ተዋሕዶው ሲተላለቅ ሸሽቶ ዋሻ ገብቶ፣ እዚያ ብቻውን ሲያስብ ኖሮ፣ ሱስንዮስ ሲሞቱ እንፍራንዝ መጥቶ ልጅ እያስተማረ ኖረ። በ1667 ጻፈው ይላል።

እና የሱ ክርክር ልክ ይህ ልጅ የጠየቀው ነው፣ ያለ ጥቅስ። ማን ፈጠረኝ? ብሎ ይነሳል። እኔው ራሴን? ከመፈጠሬ በፊት አልነበርኩም። አባትና እናቴ ናቸው ብል የእነሱን ፈጣሪ እጠይቃለሁ፣ የአያቶቼንም፣ እንዲህ እያልኩ እንደ እኛ ያልተወለዱት የመጀመሪያዎቹ ዘንድ እደርሳለሁ፣ እነዚያስ ከየት መጡ? መቼም ያልተፈጠረ፣ ከምንም ያልተቀበለ አንድ ባሕርይ ከሌለ ነገሩ አይቆምም ብሎ ይደመድማል። ቃል በቃል አይደለም የጻፍኩላችሁ፣ አሳቡን ነው።

ታዲያ ቅን ለመሆን ያህል፣ መጽሐፉ የሱ መሆኑ ያከራክራል። ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣልያናዊ ሊቅ በ1920 «ይህን የጻፈው በ1850ዎቹ እዚህ የነበረው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የካፑቺን መነኩሴ ነው» ብሎ ተነሳ፣ አዲስ አበባ ያስተምሩ የነበሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ የለም የኢትዮጵያዊ ነው ብለው ብዙ ጻፉ፣ እስከ ዛሬም አልበረደም። እኔ ግን የማን ይሁን ክርክሩ ክርክር ነው እላለሁ፣ መነኩሴም ይጻፈው ደብተራ ሎጂኩ አይለወጥም። ጎንደር እኮ ድሮም ቅባት ተዋሕዶ እየተባባለ በነገሥታት ፊት ጉባኤ ተቀምጦ ሲከራከር የኖረ ከተማ ነው፣ እናንተ አዲስ አይደላችሁም።

የቀሃ_ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! ይሄን በጭራሽ አላውቅም ነበር፣ እንፍራንዝ ስንት ጊዜ አልፌ ሄጃለሁ።

ኳንተም_ጎንደሬ፦

ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ልሞግትዎት ነው። በ1948 በቢቢሲ ሬዲዮ እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል ከአንድ የካቶሊክ ቄስ፣ ኮፕልስተን ይባላሉ፣ ጋር ሲከራከር ልክ ለዚህ መልስ ሰጥቷል። እያንዳንዱ ሰው እናት አለው፣ ስለዚህ የሰው ዘር በሙሉ እናት አለው ማለት ግን አይደለም አለ። እያንዳንዱ ነገር ምክንያት ስላለው ብቻ ጠቅላላው ምክንያት አለው አይባልም። ዩኒቨርስ አለ፣ በቃ፣ እንዲሁ አለ ብሎ ነው የዘጋው። ዘርዓ ያዕቆብም አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ ወደኋላ ሲሄድ አንድ ቦታ መቆም አለበት ያለው ለምንድነው? ሰንሰለቱ መጨረሻ የሌለው ቢሆንስ? ወደኋላ ማለቂያ የሌለው ጊዜ ላይ ምንም የሎጂክ ስህተት የለም። ቁጥሮችም እኮ ወደ ኔጌቲቭ ሲሄዱ አያልቁም።

ቡና_ጠጡ፦

ጋሼ ላይ ኔጌቲቭ አመጣባቸው ይሄ ሰውዬ

አዲስ_አለም_ሰፈር፦

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። ክሩን ከሥራ ስወጣ ነው ያየሁት፣ እዚህች ጋ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም ምክንያቱም ኳንተም ወንድሜ ያሸነፍከው አንዱን ብቻ ነው፣ ዋናውን አልነካኸውም።

ሁለት ዓይነት ሰንሰለት አለ። አንደኛው የጊዜ ነው፣ ልጅ አባት አያት። አያቴ ሞተው እኔ አለሁ፣ እኔ እንድኖር እሳቸው አሁን መኖር የለባቸውም። ይሄኛው ወደኋላ ያልቃል አያልቅም ብለን እስከ ሱብሒ ብንከራከር አንስማማም። ትልቁ የእስልምና ሊቅ ኢማም ገዛሊ (በ1111 ነው ያለፉት) ያልቃል ብለው ጠንክረው ተከራክረዋል፣ የጀመረ ነገር ሁሉ ምክንያት አለው፣ ዓለም ጀምሯል፣ ስለዚህ ምክንያት አለው ብለው። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ፈረንጆቹ ክርስቲያኖች «ከላም አርጊውመንት» እያሉ የሚያቀርቡት የሳቸውን ነው። ቶማስ አኩዊናስ ግን፣ በ1274 የሞተው ያ ትልቁ የካቶሊክ ሊቅ ራሱ፣ ዓለም መጀመሪያ እንዳላት በእምነት እንጂ በሎጂክ ማረጋገጥ አይቻልም ብሏል። ስለዚህ እዚህ ላይ ኳንተምን ልቀቁት፣ ብቻውን አይደለም።

ሁለተኛው ሰንሰለት አሁን ያለው ነው። እኔ የኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ነኝ እና በምናውቀው ልናገር። ቤትህ አምፖል በራ፣ ከየት ነው? ከግድግዳው ገመድ። ገመዱ? ከቆጣሪው፣ ቆጣሪው ከፖሉ፣ ፖሉ ከትራንስፎርመሩ። ከነዚህ አንዱም የራሱ መብራት የለውም፣ ሁሉም ተቀባይ ነው። አሁን አንድ ሰው መጥቶ «ማመንጫ አያስፈልግም፣ ፖሉን ብቻ ማለቂያ የሌለው አድርገው» ቢልህ ምን ትለዋለህ? ማለቂያ የሌለው ፖል ማለቂያ የሌለው ጨለማ ነው። ርዝመቱ ምንም አይጨምርም። ጥያቄው ፖሎቹ መቼ ተተከሉ አይደለም፣ አሁን በዚህ ሰዓት መብራቱ ከየት ነው የሚለው ነው።

ይሄ የኢብን ሲና ነው፣ ከ980 እስከ 1037 የኖረው ሐኪሙ ኢብን ሲና። እሱ ራሱ እኮ ዓለም መጀመሪያ የላትም ባይ ነበር! ገዛሊም በዚህ ከሰውታል። ግን እንዲህም ሆኖ ፈጣሪ የግድ አለ አለ። የሚለው፣ ያለ ነገር ሁሉ ወይ በራሱ የግድ ያለ ነው ወይ ደግሞ ሊኖርም ላይኖርም ይችል የነበረ ነው። ሊኖርም ላይኖርም ይችል የነበረ ነገር ካለ፣ መኖሩ ከሌላ የተሰጠው ነው። እንደዚህ ዓይነቱን አንድም ሰብስብ፣ ሚሊዮንም ሰብስብ፣ ማለቂያ የሌለውም ሰብስብ፣ የሰበሰብከው በሙሉ ተቀባይ ነው። ስለዚህ ከማንም ያልተቀበለ፣ መኖሩ የራሱ የሆነ አንድ አለ፣ ዋጂበል ውጁድ ይሉታል። አሁን የራስል እናት እዚህ አትሠራም። የሰው ዘር እናት አለው ወይ አላልንም፣ መብራት የሌላቸው ነገሮች ቢበዙ መብራት ይሆናሉ ወይ ነው ያልነው።

ጋሼ ያመጡትንም ዘርዓ ያዕቆብን እንዲህ ካነበብነው ይበልጥ ይጠነክራል። ያልተቀበለ ባሕርይ ብሏል አይደል።

ጋሽ_አዘዞ፦

ሸጋ አድርገህ ተናገርክ ልጄ። እንዲህ ዓይነት ተማሪ ክፍል ውስጥ ቢኖረኝ ኖሮ።

ኳንተም_ጎንደሬ፦

አዲስ አለም ወንድሜ አክብሬሃለሁ፣ ይሄኛው ለእኔም ከሁሉም ከባዱ ነው፣ አላቃልለውም። ሁለት መውጫ ግን አለኝ። አንዱ ራስል ያለው ነው፣ የሆነ ቦታ ላይ «ይሄ እንዲሁ ነው፣ ምክንያት የለውም» ብለህ ትቆማለህ። አንተም እኮ ትቆማለህ፣ ፈጣሪ ጋ። እኔ አንድ እርምጃ ቀድሜ ዩኒቨርስ ጋ ቆምኩ። ሁለተኛ፣ የግድ ያለ ነገር ይኑር እሺ፣ ያ ነገር ራሱ ፊዚካል ነገር፣ ከስር ያለው የኳንተም ፊልድ፣ ማለትም ቅንጣቶች ሁሉ የሚወጡበት መሠረት፣ ቢሆንስ? ለምን ሌላ ነገር እንጨምራለን?

አዲስ_አለም_ሰፈር፦

የመጀመሪያው፣ አንድ ቦታ አይደለም የቆምነው። እኔ የቆምኩት ምክንያት የማያስፈልገው መሆኑ ከምንነቱ በሚመጣ ነገር ላይ ነው፣ አንተ የቆምከው ምክንያት ሊጠየቅለት በሚችል ነገር ላይ ቆመህ «አትጠይቁኝ» ብለህ ነው። ላይብኒዝ የሚባለው የጀርመን ፈላስፋ በ1714 ለምን ከምንም ይልቅ የሆነ ነገር አለ ብሎ ሲጠይቅ «እንዲሁ» ብትለው መልስ አልሰጠኸውም፣ ጥያቄውን ነው የከለከልከው።

ሁለተኛው፣ ፊልዱ። ፊልዱ ይሄን ያህል ጉልበት አለው፣ በዚህ ቀመር ነው የሚሄደው፣ በዚያኛው አይደለም። በሌላ ቀመር ሊሄድ አይችልም ነበር? ይችላል ካልክ ሊሆንም ላይሆንም ከሚችለው ወገን ነው፣ ተቀባይ ነው። አይችልም ካልክ ለምን እንደማይችል አሳየኝ። እስከማውቀው ያሳየ የፊዚክስ ሰው የለም።

ኳንተም_ጎንደሬ፦

አዎ እስካሁን የለም። የለም ማለት ግን አይኖርም ማለት አይደለም። እና «ለሁሉም ነገር ምክንያት አለ» የሚለው ሕግ ራሱ ለጠቅላላው ዩኒቨርስ ይሠራል ያለው ማነው? ካንት የሚባለው የጀርመን ፈላስፋ የሞገተው ይሄንን እኮ ነው፣ ምክንያትና ውጤት የምንለው ለልምዳችን ውስጥ ነገሮች የሚሠራ መሣሪያ ነው፣ ከልምድ ውጭ አውጥተህ አትጠቀምበት ብሎ።

የጃንተከል_ጥላ፦

እኔ የሚገርመኝ ይሄ ሁሉ ድካም። ብታምንና ፈጣሪ ባይኖር ምን ትከስራለህ? ባታምንና ቢኖር ግን ጉድህ ፈላ። ሒሳቡ ቀላል ነው።

ኳንተም_ጎንደሬ፦

ይሄ የፓስካል ውርርድ ነው ወንድሜ፣ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው። ፈጣሪ መኖሩን አያስረዳም፣ ማመን ያዋጣል ነው የሚልህ። ደግሞ በማን ላይ ነው የምትወራረደው? እዚሁ ጎንደር ተዋሕዶው አለ፣ አዲስ አለም ሙስሊሙ አለ፣ ጴንጤው አለ፣ ወለቃ ቤተ እስራኤሎቹ ነበሩ። ሁሉም ጋ ልትመዘገብ ነው?

ዲያቆን_ዘበአታ፦

በዚህስ ከኳንተም ጋር ነኝ። እግዚአብሔርን እንደ ቶምቦላ ዕጣ መቁረጥ ለእኛም አይመጥንም።

ማራኪ_ሎው፦

አንሰልም የሚባለውን የመካከለኛው ዘመን መነኩሴ የጠራው ሰው የለም እንዴ? የሕግ ተማሪ ነኝ ሎጂክ ኮርስ ላይ አይተነዋል። በ1078 አካባቢ ነው፣ ፈጣሪ ማለት ከሱ የሚበልጥ ሊታሰብ የማይችል ነው፣ በሐሳብ ብቻ ያለ ከሆነ በእውን ያለው ይበልጠዋል፣ ስለዚህ በእውን አለ። ምንም ዓለምን ማየት አያስፈልግህም፣ አልጋህ ላይ ተኝተህ ትጨርሰዋለህ። ጎደል የሚባለው የሎጂክ ሊቅም የራሱን ዓይነት ጽፎ በ2013 ኮምፒውተር ፕሩፉን አረጋገጠ ሲባል ሚዲያው ሁሉ «ኮምፒውተር ፈጣሪን አገኘ» ብሎ ነበር ሃሃ

ኳንተም_ጎንደሬ፦

ኮምፒውተሩ ያረጋገጠው ከተሰጡት መነሻዎች መደምደሚያው እንደሚወጣ እንጂ መነሻዎቹ እውነት መሆናቸውን አይደለም። አንሰልምንም የራሱ ዘመን መነኩሴ ጎኒሎ በዚያው ሎጂክ ከሁሉ የምትበልጥ ደሴት አለች ማለት ይቻላል ብሎ ነው የመለሰለት። የአልጋው መንገድ ለእኔ ቃላት ጨዋታ ነው።

አዲስ_አለም_ሰፈር፦

ለእኔም።

ሲስተር_ከላይ_አርማጭሆ፦

ሰላም። ነርስ ነኝ፣ የሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው፣ የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ይቅር። አሁን ከናይት ወጥቼ ነው የማነበው፣ ስለ ፖልና ትራንስፎርመር የተጻፈው ሁሉ ገብቶኛል፣ ልክም ይመስለኛል። ግን እኔን ሌሊት የሚይዘኝ ጥያቄ ይሄ አይደለም። ማመንጫ አለ እሺ። ታዲያ ሁሉን ከቻለና መልካም ከሆነ ያ ምንም ያላጠፋ የሁለት ዓመት ልጅ እናቱ ፊት እንዲህ ሲሆን ለምን ዝም አለ? እናቲቱ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ስትል ሰምቼ እኔ ነኝ ወጥቼ ያለቀስኩት። አምናለሁ፣ ካላመንኩ ሥራውን ልሠራው አልችልም፣ ግን ሎጂክ ካላችሁ ለዚህ አምጡልኝ።

ኳንተም_ጎንደሬ፦

እህቴ አይዞሽ፣ በርቺ። ክርክሩን እዚህ ላይ ማሸነፍ አልፈልግም። ግን ስለጠየቅሽ፣ ለእኔም አለማመኔ የጀመረው በዚህ ነው፣ በፊዚክስ አይደለም። በ1955 ማኪ የሚባል ፈላስፋ ሁሉን ቻይ፣ ፍፁም መልካም፣ እና ክፋት አለ የሚሉት ሦስቱ አብረው ሊቆሙ አይችሉም ብሎ ጽፏል።

ማራኪ_ሎው፦

ፕላንቲንጋ የሚባል አሜሪካዊ ፈላስፋ በ1974 ለዚያ መልስ ሰጥቷል፣ ነፃ ፈቃድ ያላቸው ፍጥረታት የሚኖሩበት ዓለም ሲፈጠር ክፋት የሌለበት ማድረግ ላይቻል ይችላል፣ ስለዚህ በሎጂክ መጋጨታቸው አልተረጋገጠም ብሎ። ብዙ የማያምኑ ፈላስፎችም ሎጂካል የሚባለው ዓይነት በዚያ ተመትቷል ይላሉ።

ሲስተር_ከላይ_አርማጭሆ፦

ነፃ ፈቃድ ለጦርነቱ ይሠራል ወንድሜ፣ ሰው ሰውን ሲገድል ነፃ ፈቃድ ነው። ማጅራት ገትር የማን ነፃ ፈቃድ ነው?

ዲያቆን_ዘበአታ፦

እህቴ ሲስተር፣ መልስ አለኝ ብዬ አላታልልሽም። አንድ የማውቀውን ግን ልበል። የኢዮብ ጓደኞች መጥተው ምክንያቱን ሁሉ በሥርዓት አስረዱት፣ ኃጢአት ሠርተህ ነው፣ ልጆችህ በድለው ነው አሉት፣ ሎጂካቸው የተስተካከለ ነበር። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው ግን ኢዮብ ላይ አይደለም፣ እነሱ ላይ ነው፣ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ። ሲያማርር የነበረው ኢዮብ ነው ትክክል የተባለው። ስለዚህ ወጥተሽ ማልቀስሽ ከእምነት ጉድለት አይደለም። ለማጅራት ገትሩ መልስ የለኝም።

ሲስተር_ከላይ_አርማጭሆ፦

«የለኝም» ማለትህ ራሱ ከብዙ ስብከት ይሻለኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልተኛ፣ ማታ ደግሞ ተረኛ ነኝ።

ሞደሬተር፦

ሁለት ኮመንት አጥፍቻለሁ፣ ሃይማኖት ለይቶ መሳደብ ያስባርራል። ቡና ጠጡ አንተንም ነው።

ቡና_ጠጡ፦

እሺ አልኩ እኮ። የምር ልጠይቅ ታዲያ። ይሄ ዋጂብ ምናምን የሚባለው ማመንጫ፣ እሺ አለ፣ እሱን ፆም ፁምልኝ፣ ስገድልኝ፣ የጎረቤትህን አህያ አትመኝ የሚለው ያው ራሱ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ማመንጫ እኮ አያወራም።

ኳንተም_ጎንደሬ፦

በዚህ ክር ላይ ከወጡት ጥያቄዎች ሁሉ ምርጡን ቡና ጠጡ ጠየቀው ብል ማን ያምነኛል። ዲያቆን፣ አዲስ አለም፣ መልሱ።

አዲስ_አለም_ሰፈር፦

ከፊሉ በሎጂክ ይሄዳል። ከማንም ያልተቀበለ ከሆነ አንድ ነው፣ ሁለት ቢሆኑ የሚለያቸው ነገር ያስፈልጋል፣ ያኔ በዚያ ነገር ላይ ተንጠልጥለዋል። ክፍል የለውም፣ ክፍል ያለው በክፍሎቹ ላይ የቆመ ነው። አካል የለውም ደግሞ። ሊሆንም ላይሆንም ከሚችለው መካከል ይሄኛው እንዲሆን ካደረገ መምረጥ አለበት፣ መምረጥ ደግሞ ከማወቅ ይመጣል፣ ይሄን ገዛሊ ነው ያጠነከሩት። አንድ፣ አዋቂ፣ ፈቃድ ያለው እስከሚለው እሄዳለሁ። ነቢይ ልኳል ወይ፣ ማንን ላከ የሚለው ላይ ግን ሎጂክ ብቻውን አይበቃም፣ ታሪክና ምስክር ነው የሚመረመረው፣ እዚያ ላይ ደግሞ እኔና ዲያቆን እንለያያለን።

ዲያቆን_ዘበአታ፦

በመጀመሪያው ክፍል ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ምሥጢረ ሥላሴንም ሆነ ምሥጢረ ሥጋዌን ከፖልና ከትራንስፎርመር አናወጣውም፣ ተገልጦልን እንጂ ተፈላስፈን አልደረስንበትም፣ ምሥጢር ያልነውም ለዚያ ነው። ሁለታችን ስለምንለያይበት ጉዳይ ግን እዚህ ክር ላይ ባንጀምረው፣ ሞደሬተሩ አይተኛም።

ኳንተም_ጎንደሬ፦

የቀሃ ልጅ ጠፋህ እኮ፣ ለዶርም ጓደኛህ እኔው ልምከርህ፣ ከማያምን ሰው ምክር ውሰድ። ግንቡን ተወው፣ ቢግ ባንግንም ተወው፣ ከኢብን ሲና ጀምር። እሱ ወይ «ዩኒቨርስ እንዲሁ አለ» ይልሃል ወይ «ዩኒቨርስ ራሱ የግድ ያለ ነው» ይልሃል፣ ሌላ ሦስተኛ ብዙም የለም። እንዲሁ ካለ ሌላ ቦታ ላይ «እንዲሁ» የሚለውን ይቀበል እንደሆነ ጠይቀው፣ ላቦራቶሪ ሪፖርት ላይ «ውጤቱ እንዲሁ መጣ» ብሎ ጽፎ ኤ ያገኘ የለም። እኔም በዚህ ሲይዙኝ ነው የሚጨንቀኝ። ግን ደግሞ እሱ የሲስተርን ጥያቄ ካመጣብህ ኢብን ሲናን አትምዘዝ።

የቀሃ_ልጅ፦

አልጠፋሁም ፕሮጀክት እያስገባሁ ነው፣ ሁሉንም አንብቤዋለሁ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ የምር። አዲስ አለም የጻፍከውን ኮፒ አድርጌ ለልጁ ላክሁለት፣ «ፊልዱ በሌላ ቀመር ሊሄድ አይችልም ነበር ወይ የሚለው ላይ ሁለት ቀን ስጠኝ» ብሏል። ጋሼ፣ የሐተታው የአማርኛ ትርጉም ከየት ነው የማገኘው? ፒዲኤፍ ያለው ሰውም ካለ በውስጥ ይላክልኝ።

ጋሽ_አዘዞ፦

ወረቀቱ አለኝ ልጄ፣ ፒዲኤፉን ግን አላውቅበትም። ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ እወርዳለሁ፣ ኮፒ ታነሳና ትመልስልኛለህ። የተዋሰ ሁሉ ሳይመልስ ስለቀረብኝ መታወቂያህን ይዘህ ና።

ቡና_ጠጡ፦

ሃሃሃ ጋሼ ለእኔም አንድ ኮፒ